የምርምር ስውር ወጪና የመንግሥት ግዴታ
(በይፋግ የተደረገ ምልልስ)

ይፋግ በቤጌምድር ነጋድያን ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ስሟ የታወቀ የገበያ አገር ስትሆን፣ ዛሬ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ የፎገራን ሜዳ ወደ ኋላዋ ትታ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ዕድሜያቸውን በዜማና በቅኔ ማስተማር ያሳለፉ አንድ መሪጌታ አሉ፤ በሕፃንነቱ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ዳዊት የደገመ፣ በኋላም ወደ ዘመናዊው ትምህርት አልፎ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምርና የሚመራመር አንድ ወጣት ደግሞ ሊጠይቃቸው መጣ። በሰላምታና በጤና የተጀመረው ጭውውት ወደ ገንዘብ ነገር ከዞረ በኋላ ሁለቱ የተመላለሱት ቃል ከዚህ እንደሚከተለው ነው።

መሪጌታ፦ ልጄ፣ በቀደም አንድ ወሬ ሰምቼ ልቤ አልረጋልኝም። ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ለምርምር ብለው በሚሰጡት ገንዘብ ላይ ዩኒቨርሲቲዎች ከመቶው ይህን ያህል እያሉ ለቤታቸው ያስከፍላሉ ይባላል። ገንዘቡ ድውይን ለመፈወሻ የተሰጠ ሆኖ ሳለ፣ ለመብራት፣ ለዘበኛና ለጸሓፊ ማዋሉ በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት እንዴት ይቀናል?

ተመራማሪው፦ የኔታ፣ የዚህ ጥያቄ ባለቤት እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ የአሜሪካ መንግሥትና ምክር ቤቱ ከሰባ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት የኖሩበት ነገር ነው። ነገር ግን ከሩቅ አገር ከመጀመሬ በፊት፣ ጉዳዩ በዚህ በደጃችን ስላለ፣ ከዚህ ልነሣ። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የሆነውን ያስታውሳሉ?

መሪጌታ፦ እንዴት እረሳዋለሁ? ትኩሳቱ ወር ሙሉ የማይለቅ፣ ጣፊያ የሚያሳብጥ፣ የጐልማሳውን ገላ እንደ ሽማግሌ የሚያመነምን ደዌ ገብቶ፣ አንዱ ወባ ነው ሲል ሌላው ታይፎይድ ነው ሲል፣ ጸበልም ተጠምቆ፣ መርፌም ተወግቶ ያልዳነው ብዙ ነበር።

ተመራማሪው፦ ያ ደዌ ካላዛር ነበር። ከዚያ አስቀድሞ የመተማና የሑመራ ቆላ በሽታ ተብሎ ይታወቅ ስለ ነበር፣ በዚህ ደጋ ቀመስ አገር የጠረጠረው ሰው አልነበረም፤ ወደ ሰሊጡ አጨዳ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀረ፣ በዋልካው መሬት ስንጥቅ የምትኖረው የአሸዋ ዝንብም እንዳዛመተችው የታሰበው በኋላ ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር አዲስ ዘመን መጥቶ ሕክምና ከጀመረ ወዲህ በሁለት ዓመት ገደማ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ታከመ። እንግዲህ አንድ ተመራማሪ ይህ በሽታ ለምን በዚህ ቀበሌ ጸንቶ በዚያኛው እንደ ላላ ለማጥናት ገንዘብ ለመነ እንበል። ሰጪው የመኪናውን ኪራይ፣ የደም መመርመሪያውን፣ ቤት ለቤት የሚዞሩትን መረጃ ሰብሳቢዎች አበል ቈጥሮ ይሰጠዋል፤ ይህ ቀጥተኛ ወጪ ይባላል። ነገር ግን የተቀዳው ደም እንዳይበላሽ ሌሊትና ቀን የሚሠራ ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል፤ መብራት ሲጠፋም ጀነሬተሩ ናፍጣ ይጠጣል። ጥናቱ በሰው ላይ ግፍ አለመሥራቱን የሚመረምር የሥነ ምግባር ኮሚቴ መቀመጥ አለበት፤ ሒሳቡን የሚይዝ፣ ጨረታውን የሚያወጣ፣ ለኦዲተር የሚያስረክብ ሰው ደመወዝ ይበላል፤ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ኢንተርኔቱ፣ ውሃው፣ ጣራው፣ መርዛም ቆሻሻውን የሚያቃጥለው ምድጃ አለ። እነዚህ ሁሉ የአንዱ ጥናት ብቻ ስላልሆኑ የአንዱ ጥናት ሒሳብ ውስጥ ተለይተው አይጻፉም፤ ግን አንዱ ከጐደለ ጥናቱ ሁሉ ይወድቃል። ኦቨርሄድ፣ ቀጥተኛ ያልሆነ ወይም ስውር ወጪ የምንለው ይህን ነው።

መሪጌታ፦ አሁን ገባኝ። ለቅዳሴ የሚቀርበው ኅብስቱና ወይኑ ነው፤ ምእመኑም መባ ሲያመጣ የሚያየው ያንን ነው። ነገር ግን ቤተ ልሔሙ ክዳኑ ካፈሰሰ፣ ንዋየ ቅድሳቱን የሚጠብቅ ገበዝ ከሌለ፣ ጧፉና ዕጣኑ ካለቀ፣ ኅብስቱ ብቻውን ቅዳሴ አይሆንም። ይህን አልክድም። ይሁን እንጂ ልጄ፣ በረጅም ዕድሜዬ ጣራ እናድሳለን ብሎ ሰብስቦ የራሱን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰ ገበዝም አይቻለሁ። ስውር ወጪ ስውር እንደ ሆነ መጠን ለሆዳም ሰው ምቹ አይደለምን?

ተመራማሪው፦ እውነት ነው፤ ይህም በትልቁ ቦታ ታይቷል። ስታንፎርድ የሚባለው ታላቅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ1991 ከመንግሥት ይቀበለው በነበረው ስውር ወጪ ውስጥ የአንድ የመዝናኛ መርከብ እርጅና ዋጋ፣ ለፕሬዚዳንቱ ቤት አበባና ዕቃ ተደባልቆ ተገኝቶ፣ ነገሩ በምክር ቤት ፊት በይፋ ተመርምሮ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣኑን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ለአስተዳደር የሚከፈለው ክፍል ከመቶ ከ26 እንዳያልፍ ተወሰነ። ይሁን እንጂ የኔታ፣ በዚህ ምክንያት ወጪው ሁሉ ሐሰት ነው ያለ አስተዋይ ሰው አልነበረም፤ የተባለው ወጪው ይቈጠር፣ ይመርመር፣ ድንበር ይበጅለት ነው።

መሪጌታ፦ ከመቶ ይህን ያህል የሚባለውስ እንዴት ነው የሚሰላው? በወሬ ስሰማ ከመቶ ስድሳ ይቀራል፣ ለሥራው የሚደርሰው አርባ ብቻ ነው ይላሉ።

ተመራማሪው፦ ብዙውን ሰው የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ከመቶ 60 ማለት ከመቶው ላይ ስድሳ ይነሣል ማለት ሳይሆን፣ ለቀጥተኛው ሥራ መቶ ሲሰጥ ለቤቱ ስድሳ ይታከልበታል ማለት ነው፤ ስለዚህ ከጠቅላላው ከ160 ውስጥ የቤቱ ድርሻ ከመቶ ከ38 አይበልጥም። በአሜሪካ ይህ መጠን ሲንከባለል የመጣ ነው፤ የጤና ምርምር የሚረዳው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1950 ከመቶ 8፣ በ1958 ከመቶ 15፣ በ1963 ከመቶ 20 እንዲከፍል ተገድቦ ነበር። በ1966 ግን ገደቡ ተነሥቶ፣ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ እውነተኛ ወጪውን በመዝገብ አስመስክሮ ከመንግሥት ጋር እንዲዋዋል ሆነ። በሌላው ዓለም የሚደነቁት የአገሩ ታላላቅ ቤተ ሙከራዎች የቆሙት ባብዛኛው በዚህ ውል ላይ ነው። በዘመናችን፣ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ያው መሥሪያ ቤት ለሁሉም ከመቶ 15 ብቻ እከፍላለሁ ብሎ ባወጀ ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎችና ክፍላተ ሀገራት ተነሥተው ከሰሱት፤ ፍርድ ቤቱም አገደው።

መሪጌታ፦ እነርሱ እርስ በርሳቸው ይካሰሱ፤ ይህ ለይፋግና ለአዲስ ዘመን ሰው ምን ይረባዋል?

ተመራማሪው፦ እጅግ ይረባዋል። ያው መሥሪያ ቤት በአገሩ ዩኒቨርሲቲ ላይ ከመቶ ሃምሳም ስድሳም ሲያክል፣ ለባዕድ አገር ተቋም ግን ከመቶ 8 ብቻ ነው የሚያክለው። የአውሮፓ ኅብረት ለሁሉም በእኩል ከመቶ 25 ይሰጣል፤ ምንም የማያክሉ ሰጪዎችም አሉ። እንግዲህ ካላዛርን የሚያጠና የእኛ ሰው አንድ ሚሊዮን ብር ለቀጥተኛ ሥራ ቢቀበል፣ ለቤቱ በ8ቱ ሒሳብ 80,000፣ በ25ቱ ሒሳብ 250,000 ብር ይታከልለታል። ቤቱ በእውነት የሚያወጣው ግን ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ልዩነቱን ማን ይሞላዋል? ወይ ለተማሪ መጽሐፍና ለመማሪያ ክፍል የተመደበው በጀት ተሸርፎ ይሞላል፤ ወይ ተመራማሪው ራሱ ጀነሬተር ጠጋኝ፣ ጨረታ አውጪ፣ ናፍጣ ፈላጊ ሆኖ በላቡ ይሞላዋል፤ ወይም ምንም ሳይሞላ ይቀርና ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ የተሰበሰበው ደም በአንድ ሌሊት ይቀልጣል።

መሪጌታ፦ ስለዚህ ባለጠጋው ለራሱ ቤት ጣራ አስቦ፣ ለእኛ ቤት ግን ጣራ አያስፈልገውም ያለ ይመስላል። ግን እስቲ ልከራከርህ፤ ጣራ የሌለው ሰው ሥራውን በሰው ጣራ ሥር ይሠራል። ደሙን ወደ እነርሱ አገር ልኮ ማስመርመር አይቀልምን?

ተመራማሪው፦ ለአንድ ዓመት ይቀላል፤ ለአንድ ትውልድ ግን ይከብዳል። ስለዚህ ነገር ከዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ የበለጠ ምስክር የለም። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር፣ የእንዶዱ አረፋ በደረሰበት ቦታ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘና፣ ድሀው ገበሬ በጓሮው ሊያበቅለው የሚችለውን መድኃኒት ለዓለም ገለጠ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው የክብር ሽልማት ተሰጠው። ነገር ግን በግኝቱና በሽልማቱ መካከል ያለፈውን ዘመን ያስቡ፤ ሩብ ምእት ዓመት ነው! ከዘገየበት ምክንያት አንዱ፣ መድኃኒቱ ሰውንና ከብትን አለመጉዳቱ በዓለም አቀፍ ደንብ በተረጋገጠ ቤተ ሙከራ አልተፈተነም በሚል በየጊዜው ተቀባይነት ማጣቱ ነው። የጐደለው እውቀት አልነበረም፤ እንዲህ ያለው ቤተ ሙከራ ከነመዝገቡ፣ ከነጥበቃው፣ ከነሠለጠነ ሠራተኛው በአገር ውስጥ ቆሞ አለመገኘቱ ነው። አክሊሉ ለማም እስከ ዕለተ ሞቱ የአፍሪካ ሳይንስ በአፍሪካ ቤት ይሠራ እያለ ተከራክሯል።

መሪጌታ፦ ይህን ሁሉ ተቀበልሁ። አሁን ግን የምትጠይቀው ከፈረንጅ ሳይሆን ከራሳችን መንግሥት ከሆነ፣ እኔም የድሀውን ወገን ይዤ እጠይቅሃለሁ። ጤና ጣቢያው ክኒን ባጣበት፣ ትምህርት ቤቱ ወንበር ባጣበት አገር፣ ለዩኒቨርሲቲ ማቀዝቀዣ ናፍጣ ክፈሉ ማለት ቅንጦት አይሆንምን? ደግሞስ ይህ ሁሉ ወጪ ወጥቶ የሚገኘው ለመምህሩ ማዕርግ ማደጊያ የሚሆን ወረቀት ብቻ እንደ ሆነ ማን ያውቃል?

ተመራማሪው፦ ሁለተኛውን ልመልስና ወደ ፊተኛው እመለሳለሁ። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተከፈተባት ወዲህ የጤና ትምህርት አገር ናት፤ በዩኒቨርሲቲዋም የካላዛር ማከሚያና ምርምር ማእከል አለ። ኤች አይ ቪና ካላዛር በአንድ ገላ ሲገናኙ መድኃኒቱ ስለሚያቅተው፣ በጎንደርና በአብዱራፊ ሕሙማን ላይ ጥናት ተደርጎ፣ ሁለት መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት እንደሚሻል ታወቀ፤ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን የለወጠው ይህንንና በህንድ የተደረገውን ጥናት ይዞ ነው። ይህ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ወደ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ሁለት ደዌ ይዞ የተመለሰ የዚህ አገር ልጅ ሕይወት ነው። ፊተኛውም ጥያቄዎ በዚሁ ይፈታል፤ የሕሙሙን መድኃኒት የሚያቀዘቅዘው መብራት የተመራማሪውንም ናሙና ያቀዘቅዛል፤ የሆስፒታሉን ሒሳብ የሚጠብቀው ኦዲተር የምርምሩንም ይጠብቃል። ከጤና ጣቢያው ክኒን ላይ ተቀንሶ ይሰጥ አልልም፤ የምለው፣ መንግሥት ምርምር ይደረግ ብሎ ካወጀ፣ ያወጀውን የሚሸከም ቤት ያቁም ነው። የአፍሪካ መንግሥታት ከአገራቸው ጠቅላላ ምርት ከመቶ አንዱን ለምርምር ሊያውሉ ተስማምተዋል፤ የእኛ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

መሪጌታ፦ ስለ ቤት ካነሣህ እኔ የማውቀውን ቤት ልንገርህ። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓው፣ በዙር አባ ዝማሬ መዋሥዕቱ ለብዙ ዘመን ሲመሰከር የኖረው በተማሪው ቁራሽ ብቻ እንዳይመስልህ። ተማሪው ቁራሹን እየለመነ ቢማርም፣ መምህሩና ደብሩ የሚኖሩት በጉልትና በሪም መሬት ነበር፤ ነገሥታቱ መሬቱን ሲሰጡ ይህን መጽሐፍ ጻፉበት፣ ይህን ዜማ አስተምሩበት ብለው አልቈጠሩም፤ ቤቱ እንዲቆም ሰጡ፣ የቆመው ቤት ሊቃውንትን ወለደ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሲሆን የገበሬው ሸክም ቀለለ፤ ያንን ፍርድ አልነቅፍም፤ የጉልት ገባር መከራ ምን እንደ ነበር ከአባቴ ሰምቻለሁና። ነገር ግን የትምህርቱን ቤት ያቆመው ሀብት ሲነሣ በምትኩ የቆመ ነገር አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህ ብራና መፋቁና መጽሐፍ ማስጻፉ እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ተመራማሪው፦ የኔታ፣ እኔ በብዙ ወረቀት የማልገልጸውን ተናገሩት፤ ለሥራው የሚሰጥና ቤቱ እንዲቆም የሚሰጥ ስጦታ ሁለት እንደ ሆነ ማለት ነው። እኔም ከዚሁ ከደብረ ታቦር አካባቢ አንድ ታሪክ ልጨምር። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ታላቁን መድፍ ሴባስቶፖልን ባሠሩ ጊዜ፣ የመዳቡና የእሳቱ ዋጋ የታየ ወጪ ነበር፤ ነገር ግን መድፉ ያለ መንገድ ምንም ስላልነበር፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ገደል እየተናደ፣ የበሽሎ ቈላ እየተጠረገ መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ ስውሩን ወጪ ያውቁት ነበር፤ ለመንገዱ ጕልበታቸውን ሁሉ አፈሰሱ። የጋፋት ጥበብ ግን በአንድ ሰው ፈቃድና በጥቂት ባዕዳን እጅ ላይ የቆመ ነበርና፣ ሚያዝያ 6 ቀን እርሳቸው ሲያልፉ፣ ባዕዳኑም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲወጡ፣ ምድጃው ጠፋ። ዛሬም በውጭ ፕሮጀክት ዘመን ብቻ የሚበራ ቤተ ሙከራ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ይጠፋል።

መሪጌታ፦ በነቀፋ ብቻ አትለፈው፤ ምን ይደረግ ትላለህ?

ተመራማሪው፦ ሦስት ነገር እላለሁ። ፊተኛው፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በጀት ሲጻፍ ምርምር በሚል ርእስ ሥር ለጥናቶቹ የሚመደበው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን፣ ጥናቶቹን የሚሸከመው ቤት ወጪ በራሱ መደብ ይጻፍ፤ መንግሥት ራሱ ለአንድ ተመራማሪ ሲሰጥም እንደ ውጭው ሰጪ ቤቱን አይርሳ። ሁለተኛው፣ የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልዋለውም ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል፤ ደዌ ግን በሰኔ 30 አይቆምምና፣ የምርምሩ ቤት ገንዘብ ዓመት እንዲሻገር ይፈቀድ። በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበት መንገድ ተከፍቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶበታል፤ ገና ልጅ የሆኑት እንደ ደብረ ታቦር ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ግን ያ እስኪደርሳቸው በናፍጣ እጦት ሊጠብቁ አይገባም። ሦስተኛው፣ ከውጭ ሰጪ ጋር ውል ሲታሰር ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለየብቻቸው ሳይሆን በአንድ ቃል፣ እውነተኛ ወጪያችን ይህ ነው ብለው መዝገብ ይዘው ይቅረቡ፤ መዝገብ የሌለው ሰው ከመቶ 8 ቢሰጡትም ሊከራከር አይችልምና።

መሪጌታ፦ ሦስቱንም እቀበላለሁ፤ አራተኛ ግን እኔ እጨምራለሁ፣ ያለዚህ ሦስቱ ከንቱ ናቸው። ለቤቱ የገባው ብር በምን እንደ ዋለ በየዓመቱ ይጻፍ፤ የሚጻፈውም ኦዲተር ብቻ በሚያነበው ቃል ሳይሆን፣ ደሙን የሰጠው የሊቦ ከምከም ገበሬ ልጁ አንብቦለት በሚሰማው አማርኛ ይሁን፤ በዩኒቨርሲቲው ደጅም ይለጠፍ። የስታንፎርዱን መርከብ በሒሳቡ ውስጥ ያስገባው ስውርነቱ ነው፤ ስውር ወጪ ሲገለጥ ስውር መሆኑ ይቀራል፣ ሕዝቡም የሚያየውን ነገር አይጠላም።

ተመራማሪው፦ ይህንንስ እንዴት እምቢ እላለሁ? እንዲያውም መንግሥትን ከምንጠይቀው በፊት እኛ ልንጀምረው የሚገባ እርሱ ነው።

መሪጌታ፦ እንግዲያስ ፍርዴን ስማ። ምርምር ይደረግልኝ ብሎ ለሥራው ብቻ የሚከፍል፣ የሚሠራበትን ቤት ወጪ በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ የሚጥል ሰጪ፣ የአገር መንግሥትም ይሁን የባዕድ፣ የስጦታውን ግማሽ አልሰጠም፤ ለቤቱ የተሰጠውን ተቀብሎ ሒሳቡን የሚሰውር ዩኒቨርሲቲም የተሰጠውን ሁሉ ሰርቋል። ሁለቱም ዕዳቸውን ይወቁ፤ የበጀት አዋጁ በሕዝብ እንደራሴዎች ፊት ሲቀርብም ይህ ወጪ ስሙ ተጠርቶ፣ መደቡ ተለይቶ ይጻፍ።